ስለ ሚዛን ተፈሪ ታላላቅ ዛፎችና ስለ ወራሾቻቸው

ሰው ታላቅ ነገር ባየ ጊዜ አስቀድሞ ቆሞ ይመለከታል፤ ከተመለከተ በኋላ ይለካል፤ ከለካም በኋላ ላላየው ሰው ለመንገር ይቸኵላል። ይህ ጠባይ በሕፃንም በሽማግሌም ዘንድ ያለ ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የባሕር ጠረፍ የሚበቅሉትን፣ ግንዳቸው የቀላ ታላላቅ ዛፎች ለማየት በየዓመቱ ከዓለም ክፍል ሁሉ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚጓዘው ስለዚህ ነው። ከነዚህ ዛፎች አንዱ ሂፐሪዮን ይባላል፤ ቁመቱ ወደ 116 ሜትር ይደርሳል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2006 ዓመት ተገኝቶ በተለካ ጊዜ ዛሬ በምድር ላይ ከሚታወቁት ሕያዋን ዛፎች ሁሉ በቁመት የሚበልጠው እርሱ ሆኖ ተገኘ። ከባሕሩ ራቅ ብሎ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ የሚበቅለው ዘመዱ ደግሞ በቁመት ቢያንስም በውፍረት ይበልጣል። ከዚህኛው ወገን የሆነው፣ ጄኔራል ሸርማን ተብሎ የተሰየመው ዛፍ በሥሩ በኩል ወርዱ 11 ሜትር ያህል ነው፤ ዕድሜውም ከ2,000 ዓመት እንደሚበልጥ ሊቃውንቱ ይገምታሉ። እንዲህ ከሆነ አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ አክሱም በገባ ጊዜ ያ ዛፍ ከ300 ዓመት በላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በዕረፍታቸው ወራት ልጆቻቸውን ይዘው ዛፎቹን ለማየት ይሄዳሉ። ከግንዱ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ግንዱን ለማቀፍ ስንት ሰው እንደሚበቃ ይቈጥራሉ፤ ይህም መልካም ነው። የሚያሳዝነው ግን አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ያዩትን ሲያወሩ «በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ማለታቸው ነው። በአዲስ አበባ ተወልዶ ከባሕር ዛፍ በቀር ሌላ ረጅም ዛፍ ያላየ ሰውም ይህን ሲሰማ እውነት ይመስለዋል።

ነገር ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚወርድ መንገደኛ ይህ አባባል ስሕተት እንደ ሆነ በገዛ ዐይኑ ይረዳል። መንገዱ ከ550 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የጎጀብን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ የአገሩ መልክ እየተለወጠ ይሄዳል፤ ቦንጋን አልፎ ውሽውሽ ሲደርስ የሻይ ተክል በኰረብታው ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ያያል። ከዚያም ወዲያ ደመናው ከዛፉ ራስ ጋር እየተደባለቀ፣ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል እየታየ፣ ምድሩም ወደ ቆላው እያዘነበለ ሚዛን ተፈሪ ይደርሳል። ይህች ከተማ ዛሬ ከጎረቤቷ ከአማን ጋር ተዋሕዳ ሚዛን አማን ትባላለች፤ በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም ከቦንጋ፣ ከተርጫና ከቴፒ ጋር አንዲት መቀመጫው አድርጓታል። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሸኮና ወደ ቴፒ ወይም ወደ በበቃ የወረደ እንደ ሆነ ሙቀትና ዝናም ተገናኝተው ምን ማብቀል እንደሚችሉ ያያል።

ከነዚህ ዛፎች የብዙዎቹ አለቃ ቀረሮ የሚባለው ነው። የጣውላ ነጋዴ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ ቆሞ ያዩት ግን ጥቂቶች ናቸው። በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ከቀረሮ ጣውላ በተሠራ ጠረጴዛ ላይ እንጀራውን ሲበላ ይኖራል፤ ዛፉ ምን እንደሚመስል ግን ጠይቆ አያውቅም። ሥሩ ከመሬት ብቅ ሲል እንደ ግድግዳ እየሳሳ ወደ ጐን ተዘርግቶ ግንዱን ይደግፋል፤ ብልህ ግንበኛ ለረጅም ግንብ ከውጭ ድጋፍ እንደሚሠራለት ያለ ነው። ከድጋፉ በላይ ግንዱ ቅርንጫፍ ሳያበዛ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የሌሎቹን ዛፎች ራስ ካለፈ በኋላ ግን ክንዱን ዘርግቶ በሁሉ ላይ ጥላውን ይጥላል። ቅርፊቱ የቈሰለ እንደ ሆነ እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ያወጣል።

ቁመቱ እስከ 50 ሜትር ይደርሳል። ይህን ቍጥር በወረቀት ላይ ብቻ ያነበበ ሰው ምንም አይመስለውም። አክሱምን የተሳለመ ሰው ግን በልቡ ሊመዝነው ይችላል። በዚያ ከጥንት ጀምሮ ቆሞ የኖረው ታላቁ ሐውልት 21 ሜትር ያህል ነው። ወደ ሮማ ተወስዶ የነበረውና በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው 24 ሜትር ያህል ነው። ወድቆ የተሰባበረው፣ ከሁሉ የሚበልጠው፣ 33 ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ ሙሉ ቁመቱን ያገኘ ቀረሮ ቆሞ ከኖረው ሐውልት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል፤ የወደቀውም ሐውልት ዛሬ ተነሥቶ ቢቆም ከቀረሮው አጠገብ አጭር ሆኖ በታየ ነበር። ሐውልቱን ለማቆም የስንት ሰው ጕልበትና የስንት መሐንዲስ ጥበብ እንደ ወጣ የሚገምተው ሰው ብዙ ነው፤ ቀረሮው ግን በመዳፍ ከሚያዝ ፍሬ ተነሥቶ ያለ ገመድና ያለ መሰላል ቆሟል።

እውነቱን ለመናገር የካሊፎርኒያው ዛፍ በቁመት ከሁለት ቀረሮ ይበልጣል። በአፍሪካም ቢሆን በኪሊማንጃሮ ተራራ ሸለቆ ውስጥ 81 ሜትር ተኩል የሚሆን ዛፍ መገኘቱ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2016 ዓመት ተነግሯል። ስለዚህ የሚዛን ተፈሪ ዛፍ ከዓለም አንደኛ ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ከንቱ ውዳሴ ነው፤ ዛፉም እንዲህ ያለው ውዳሴ አያስፈልገውም። የካሊፎርኒያው ዛፍ የሌለው፣ የዚህኛው ግን የሆነ ሌላ ነገር አለ። መንገደኛው ወደ ላይ ማየቱን ትቶ ወደ ታች የተመለከተ እንደ ሆነ በዛፉ ሥር ያገኘዋል፤ ይኸውም ቡና ነው።

ዓለም ሁሉ የሚጠጣው የዐረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው በዱር የበቀለው በዚህ ጥላ ሥር ነው። ከላይ ቀረሮው፣ ከእርሱ ዝቅ ብለው ዋንዛው፣ ሳሳውና ብሳናው፣ ከሁሉም በታች ቡናው፤ ደኑ እንደ ባለ ሦስት ደርብ ቤት ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1931 ዓመት ከጌሻ አካባቢ ዘሩ የተወሰደው ቡና አገር ላገር ዞሮ ፓናማ ደረሰ፤ ከ2004 ዓመት ወዲህም በዚያ አገር የጨረታ ገበያ ላይ ዋጋው እጅግ ከፍ ብሎ የዓለም ነጋዴ ሲሻማበት ኖሯል። የዚህ ሁሉ ክብር ሥሩ ያለው በዚህ ደን ጥላ ውስጥ ነው።

ከቡናው ሌላ ማር አለ። የቤንች፣ የሸኮ፣ የሸካ፣ የመዠንግርና የከፋ ሰው ከግንድ የተፈለፈለ ቀፎውን ይዞ፣ በሐረግ እየተደገፈ፣ ሌላው ሰው ቀና ብሎ ለማየት እንኳ በሚያዞረው ከፍታ ላይ ወጥቶ ይሰቅለዋል። ገተም የሚባለው ዛፍ ብዙ ጊዜ በሌላ ዛፍ ጫንቃ ላይ ተዘርቶ ይበቅላል፤ ንብ ከአበባው የምትሠራው ማር ነጭ ነው፤ የማሻን ማር የቀመሰ ሰው ያውቀዋል። በከፋና በሸካ ኮቦ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ በዚህ ሥርዓት ደኑ ለየቤተ ሰቡ ተከፋፍሎ ቀፎ የሚሰቅልበት ሰው ይታወቃል፤ የታወቀም ስለ ሆነ ይጠብቀዋል፤ ልጁም ይወርሰዋል። ታላላቆቹ ዛፎች እስከ ዛሬ የቆሙት መጥረቢያ ስላልነበረ አይደለም። መጥረቢያው ነበረ፤ ነገር ግን ዛፉ ከሚቈረጥ ይልቅ ቢቆም የሚጠቀም ሰው በአጠገቡ ነበረ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2002 ዓ.ም. የከፋን፣ በ2004 ዓ.ም. የሸካን፣ በ2009 ዓ.ም. የመዠንግርን ደን በዓለም ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ሲጽፍ፣ ሰው ሠርቶ በላብ የጠበቀውን ነገር መጻፉ ነው እንጂ ሰው ያልደረሰበትን ምድረ በዳ ማግኘቱ አይደለም።

ማድነቅ ብቻውን ዛፍ እንደማይጠብቅ የካሊፎርኒያው ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። የተራራው ታላላቅ ዛፎች ዝና በፈረንጆች ዘንድ በተሰማ ጊዜ፣ በ1853 ዓመት፣ ሰዎች ከሁሉ የሚያስደንቀውን መርጠው ቈረጡት፤ የቈረጡትም ጠልተውት ሳይሆን አድንቀውት ለሕዝብ ለማሳየት ነው። ጉቶውን አስተካክለው የዳንስ ወለል አደረጉት። በሚከተለው ዓመት የሌላውን ዛፍ ቅርፊት ቆሞ ሳለ ገፈፉት፤ ቅርፊቱን በመርከብ አሻግረው በለንደን ከተማ በኤግዚቢሽን አሳዩት፤ ዛፉም ደርቆ ሞተ። ያ ዛፍ «የዱር እናት» የሚባል ስም ነበረው። በ1881 ዓመት ደግሞ በሌላው ግንድ መካከል ሠረገላ የሚያሳልፍ በር ፈለፈሉበት፤ ያም በ1969 ዓመት ወደቀ። ጣውላ ነጋዴውም በበኩሉ ሥራውን አልተወም፤ በጠረፉ ከነበረው ጥንታዊ ደን ከመቶው 95 እጅ ያህሉ ተቈርጦ አልቋል።

በእርግጥ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1864 ዓመት፣ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ የማሪፖሳን ዛፎች ለሕዝብ ጥቅም ተጠብቀው እንዲኖሩ በሕግ አጽንቷል፤ በ1968 ዓመትም በጠረፉ ላሉት ዛፎች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቁሟል። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሂፐሪዮን ያለበት ሥፍራ በምሥጢር ተይዞ ሳለ፣ ወሬው ቀስ በቀስ ተገልጦ አድናቂው ሁሉ መንገድ የሌለበትን ዱር እየጣሰ ይሄድ ጀመር። ሥሩን ከመረገጡ ብዛት በዙሪያው ይበቅል የነበረው ፈርን የሚባለው የጥላ ተክል ጠፋ። ስለዚህ በ2022 ዓመት የፓርኩ አስተዳደር ወደ ዛፉ የሚሄድ ሰው እስከ 5,000 ዶላር ቅጣትና እስከ ስድስት ወር እሥራት እንደሚያገኘው አስታወቀ። አንገቱን አቅንቶ የሚያይ ሰው እግሩ ምን እንደሚረግጥ አያስተውልም።

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር ያለው ችግር ይህንኑ ይመስላል፤ በዚያ ጕዳት የሚያደርሰው የአድናቂ እግር ሲሆን በዚህ ገጀራ ነው። ቡና በደን ውስጥ የሚያለማ ገበሬ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ጊዜ፣ ከቡናው ሥር የበቀለውን ሁሉ ይመነጥራል። ካልመነጠረ ቡናው በሐረግና በቍጥቋጦ ይታፈናል፤ ለቃሚም መግቢያ ያጣል። ገጀራው ግን አረሙን ከዛፉ ልጅ አይለይም። የቀረሮው ፍሬ ወድቆ፣ በቅሎ፣ ቅጠሉ ጕልበት የሚያህል ቁመት ላይ ሲደርስ ከአረሙ ጋር አብሮ ይታጨዳል። በሚከተለው ዓመት ሌላው ይበቅላል፤ እርሱም ይታጨዳል። ሽማግሌው ዛፍ ከላይ በክብር ቆሞ ያስደንቃል፤ ከሥሩ ግን አንድም ልጅ የለውም። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ደኑ ሙሉ ነው፤ ቀርቦ ለሚቈጥር ሰው ግን ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር ነው።

አንዳንድ ሰው «ዘሩ ከመሬት ውስጥ አለ፤ የተዉት ቀን ይበቅላል» ብሎ ያስብ ይሆናል። ለአረም ይህ እውነት ነው፤ የአረም ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ ዘመን ተኝቶ ቀኑን ይጠብቃል። ለታላላቆቹ ዛፎች ግን አይደለም። ኢትዮጵያዊው የደን ሊቅ ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ የደጋውን ደኖች አፈር በመረመሩ ጊዜ፣ የደኑ ዋና ዋና ዛፎች አብዛኞቹ በአፈር ውስጥ የተቀመጠ የዘር ጎተራ እንደሌላቸው፣ ተስፋቸውም በጥላው ሥር ቀጥነው ቆመው ተራቸውን በሚጠብቁት ቡቃያዎች ላይ እንደ ሆነ ጽፈዋል። የቀረሮም ፍሬ ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ትኵስ ሳለ ቶሎ ካልበቀለ ሕይወቱ ያልፋል፤ ለከርሞ ተብሎ እንደ ጤፍ በጎተራ የሚቀመጥ አይደለም። ስለዚህ ቡቃያው ሲታጨድ የሚጠፋው የአንድ ዓመት ሣር ሳይሆን ወራሹ ራሱ ነው።

በዚህ ላይ የጥላ ምርጫ አለ። ገበሬው ለቡናው የሚወደው ጥላ ብርሃን የሚያሳልፈውን፣ ቅጠሉ ረግፎ አፈሩን የሚያለማውን ነው፤ ሳሳን፣ ብርብራን፣ ዋንዛን የመሳሰለውን ማለት ነው። ቀረሮ ጥላው ይከብዳል። ስለዚህ የቀረሮ ቡቃያ ከገጀራው ቢያመልጥ እንኳ ጎረምሳ ሆኖ ሲታይ ለቡናው አይበጅም ተብሎ ይቈረጣል። የቴፒና የበበቃ ሰፋፊ የቡና እርሻዎችም ከደን ተመንጥረው የተተከሉ እንደ መሆናቸው፣ በውስጣቸው ለጥላ የተተዉት ታላላቅ ዛፎች ለጎብኚ ዐይን እጅግ ያምራሉ፤ ወራሽ በማጣት ግን ከሌሎቹ ይልቅ የባሱ ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ተቈርጦ ብቻውን የቀረ ረጅም ዛፍ ነፋስ ሲመጣ የሚያስጠልለው እንደሌለ የታወቀ ነው፤ በወደቀም ጊዜ ሥፍራው በልጁ አይተካም።

መጽሐፍ ያነበበ ሰው የሊባኖስን ዝግባ ያስታውሳል። ንጉሡ ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ ሥራ ወደ ጢሮስ ንጉሥ ልኮ ያስመጣው ያ ዛፍ ለብዙ ነገሥታት ቤትና መርከብ ሆኖ ሲቈረጥ ኖሮ፣ በመጨረሻ በብሻሪ ከተማ አጠገብ ጥቂት የቀረበት ዱር «የእግዚአብሔር ዝግባዎች» ተብሎ ተጠራ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1876 ዓመት የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ገንዘብ ሰጥታ ዱሩን በድንጋይ ግንብ አሳጠረችው። ግንቡ የተሠራው ለሽማግሌዎቹ ዛፎች አልነበረም፤ ሽማግሌውን ዛፍ ፍየል አይጎዳውም። የተሠራው ፍየል እየቀነጠበ ለሚጨርሳቸው ቡቃያዎች ነው። ያ ዱር ዛሬም አለ፤ በ1998 ዓመትም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው ምስክር በኢትዮጵያ ካህናት እጅ ያለው ነው። በጎንደርና በጎጃም፣ በወሎም፣ እርሻው ምድሩን ሁሉ ከገፈፈ በኋላ አንድ ጥቍር አረንጓዴ ነጥብ ከሩቅ የታየ እንደ ሆነ በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው የተረፈው ካህናቱና ምእመናኑ የቤተ መቅደስ ልብስ ነው ብለው ስላከበሩት ነው፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች በመረመሩ ጊዜ፣ ከብት እየገባ ቡቃያውን ስለሚበላና ስለሚረግጥ ደኑ ራሱን መተካት እንደ ተሳነው አገኙ። መጥረቢያ የሚፈራ ሰው ሁሉ ጥጃውን ወደ ቅጽሩ ማስገባት አይፈራም ነበርና። መድኀኒቱም ቀላል ሆነ፤ ማርጋሬት ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት የዛፍ ሊቅ ጋር ሆነው፣ ገበሬው ለእርሻው እንቅፋት የሆነበትን ድንጋይ እየለቀመ በደኑ ዙሪያ ካብ እንዲክብ አደረጉ። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም ታጠረ፤ ከካቡ ውስጥ ቡቃያ መታየት ጀመረ።

በቤንች ሸኮና በሸካ ግን ካብ አይረዳም። ጕዳቱ ከውጭ በሚገባ ከብት አይደለም፤ ከውስጥ ባለ ሥራ ነው፤ ሥራውም የገበሬው እንጀራ ነው። ስለዚህ አጥሩ በገበሬው እጅ ላይ ሊሆን ይገባዋል፤ ይኸውም ገጀራው ከመነሣቱ በፊት የቀረሮውን ቡቃያ ከአረሙ ለይቶ ማወቅና በእንጨት ምልክት አድርጎ ማለፍ ነው። ቡቃያው ሁሉ ይቅር ማለት አይደለም፤ ይህን የሚል ሰው ቡና አልለቀመም። በአንድ ሰፊ ማሳ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቡቃያ፣ በዳር በዳሩ፣ ከወንዝ አጠገብና ቡናው በማይበረታበት ቦታ ቢቀሩ ለወራሽነት ይበቃሉ። በዚያ የሚኖረው ሽማግሌ ይህን ሥራ አስተማሪ ሳይላክለት ያውቀዋል፤ የቀፎውን ዛፍ ለልጁ ልጅ የሚያስብ ሰው ነውና። የማያውቀው ከሌላ አገር መጥቶ በቅርብ የሠፈረው ወይም በቀን ሙያ ተቀጥሮ የሚመነጥረው ነው፤ ለእርሱ ቅጠል ሁሉ ቅጠል ነው።

የመንግሥት ሹማምንት በዚህ ረገድ ያደረጉት ጥቂት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስማቸው ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ኅብረተ ሰቡ የደን ባለቤት ሊሆን እንደሚችል በሕግ አጽንቷል፤ ይህም ከኮቦው ሥርዓት ጋር የሚስማማ ጥበብ ነው። ነገር ግን የመቍረጥ ክልከላ የሚጠብቀው የቆመውን ነው። ጠባቂው በመንገድ ላይ ቆሞ የጣውላ መኪና ይፈትሻል፤ በጭነቱ ውስጥ ያልደረሰ ዛፍ ግን አይፈተሽም። በየዓመቱ ለአለቃ የሚላከውም ወረቀት በደን የተሸፈነው መሬት ስንት ሄክታር እንደ ሆነ ይናገራል፤ ከሰማይ የተነሣው ፎቶግራፍም ይህንኑ ያረጋግጣል። ከሰማይ የሚታየው ግን የሽማግሌዎቹ ራስ ነው፤ ከሥራቸው ልጅ መኖሩን የሚያሳይ ፎቶግራፍ የለም።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ሕዝቡ በየክረምቱ ችግኝ ሲተክል ቆይቷል፤ በተራቈተው ደጋ ላይ ይህ ሥራ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ወደ ሸኮና ወደ ማሻ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በዚያ ማንም በፕላስቲክ ከረጢት ያላሳደገው፣ ውሃ ያላጠጣው፣ በመኪና ያላመላለሰው የዛፍ ልጅ በራሱ ቆሞ ይገኛል። ችግኝ ለመትከል ጕድጓድ የሚቈፈርበት እጅ ከዚያው ማሳ ዳር ያለ ዋጋ የበቀለውን በገጀራ ሲያጭድ ማየት አሳፋሪ ነገር ነው። የወረዳው የግብርና ሠራተኛ የተተከለውን እንደሚቈጥር፣ የተተወውንም ቢቈጥርና ቡቃያ ያስተረፈውን ገበሬ ስሙን ጽፎ ለአለቃው ቢያስታውቅ፣ ለዚህ ሥራ አዲስ በጀት አያስፈልግም። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን በአጠገቡ ላለው ደን ቢያሰማራ፣ የቆጠራው ሠራተኛ ከሩቅ አይመጣም።

ገበሬው «ለዛፉ ስል ከቡናዬ ጥቂት ብቀንስ ማን ይከፍለኛል?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የጥላ ቡናን በልዩ ዋጋ የሚገዛ የውጭ ነጋዴ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ያ ልዩ ዋጋ ቡናውን ለለቀመው ሰው የማይደርስ ከሆነ ግን ስለ ዛፍ የሚነገረው ምክር ሁሉ በከተማ ሰው አፍ የሚቀር ወሬ ይሆናል። የገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳባቸውን ሲያቀርቡ ከደን ቡና የተገኘው ብልጫ በማን እጅ እንደ ገባ ለይተው ቢያሳዩ ጥያቄው መልስ ያገኛል፤ ይህም የግብርናውና የንግዱ ሹማምንት በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የሚመረምሩት ጕዳይ ነው።

ዕረፍቱን ለማሳለፍ ወደ በበቃ የሚወርድ ሰው ደግሞ ዛፉን ይይ፤ ይደነቅ፤ ፎቶግራፍም ይነሣ። በዚያ የሚመራውን ሰው ስለ ቁመቱ ከጠየቀ በኋላ ግን «የዚህ ዛፍ ልጅ የትኛው ነው?» ብሎ አንድ ጥያቄ ይጨምር። መሪው ጥቂት ፈልጎ የሚያሳየው ከሆነ መልካም ነው፤ ማሳየት ካልቻለ ጥያቄው ራሱ ከአንድ እርሻ ወደ ሌላው እርሻ ይሄዳል፤ ጎብኚ የሚጠይቀውን ነገር የእርሻ ኀላፊ ማወቅ ይወዳልና።

ቈጠራው የሚጀመር ከሆነ ከለቀማ በፊት ከሚደረገው ምንጠራ አስቀድሞ ሊሆን ይገባዋል። ምንጠራው ካለፈ በኋላ ወረቀቱን ይዞ ወደ ደኑ የሚገባ ቈጣሪ የሚያገኘው ቡናውንና ሽማግሌውን ቀረሮ ብቻ ነው።